ሞተሩ ወደ ኋላ የሄደ ዕለት

አክስቴ ትራይፊና አንዴ ከገዛ ሠርጓ ጠፍታለች። ይሄን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነኝ። እጮኛዋ ጄበዝ ፖርትሊን ከተማ ባለው ቤተ ጸሎት በር ላይ አዲስ ኮት ለብሶ ሲጠብቃት፣ እሷ እኛ ቤት ወተት ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ተሸሽጋ ስታለቅስ ዋለች። ፈራች፣ በቃ። እሱም ብሽቅ ብሎ ወርቅ ሊቆፍር ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከስንት ዓመት በኋላ ሳል ይዞት ተመለሰና ደግሞ ጠየቃት። "ትራይፊ፣ ሦስተኛ ግን አልጠይቅም" አላት። እሺ አለችው።

እንግዲህ ቅዳሜ ሠርጉ ደረሰ። አባቴ ከዘመዶቹ ጋር በጠዋት በጋሪ ሄደ። አክስቴ ግን "ጋሪ ያቅለሸልሸኛል፣ ቀሚሴም አቧራ ይጠጣል፣ እኔ በሞተሩ ነው የምመጣው" ብላ ሙጭጭ አለች። አባቴ ወደ ጎን ጎተተኝና፣ "ስሚ ላቭዴይ፣ ወሬሽን ትተሽ እህቴን ጠብቂ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሕጉ አያጋባም። ዛሬ ካመለጠችሽ ጄበዝን መልሰን አናገኘውም" አለኝ።

ሞተሩ የምንለው ሰኞ ዕለት የጀመረውን አዲሱን ባቡር ነው። የድሮው ባቡራችን ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ፊት፣ ፉርጎዎቹ ኋላ ሆነው፣ ሰው ስለሌለ ግማሹን ባዶ ይዞ ነበር የሚያልፈው። አሁን አንድ ረጅም ፉርጎ ብቻ አመጡልን። ውሃ የሚያፈላው ቦይለሩም እሳቱም እዚያው ፉርጎው ጫፍ ላይ ሆዱ ውስጥ ተከተዋል። ጎረቤታችን እትዬ ዊልሞት "ወጥ ቤቱን ተሸክሞ የሚሮጥ ቤት" ትለዋለች። ደግሞ እርሻ ጥግ ላይ ሳይቀር ይቆማል! የኛ ማቆሚያ ሜዳ ነው፤ ቲኬት ቆራጩ ጋሼ ሆስከን ከሞተሩ ደረጃ ዘርግቶ ነው ሰው የሚያወጣው።

ስንደርስ ሞተሩ ቆሟል። አክስቴ ጭስ ማውጫውን አየች፤ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ፖርትሊን በኩል ነው ያለው። "ይሄው፣ ፊቱን ወደ ጄበዝ አዙሯል! ሩጪ!" አለች። ሮጥን። ቀሚሷን ከኋላ ሰብስቤ ገፋኋት፣ ገባን፣ እትዬ ዊልሞትና የዶሮ ቅርጫቷ አጠገብ ዘፍ አልን።

ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ!

መጀመሪያ ነጂው ቦታ የሚያስተካክል መስሎኝ ነበር። ከዚያ ባሕሩ ከመስኮቱ ጠፋ። ወደ ካራክ፣ ተራራው ላይ ወዳለው መጨረሻ ጣቢያ እየወጣን ነው።

አክስቴን አየኋት። ፊቷ ኖራ መስሏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺ የወተት ጓዳ ናት ትዝ ያለችኝ።

"አክስትዬ" አልኳት በሹክሹክታ፣ "ሆን ብለሽ ነው?"

"ምኑን?"

"ልትጠፊ ነው?"

እጄን ቸብ አደረገችኝ። "አንቺ ሞልፋጣ! ልጠፋ ብፈልግ ይሄን ሁሉ ዳንቴል ለብሼ ነው የምጠፋው?"

ተነሥታ በሩን መታገል ጀመረች። "ልውረድ! በእግሬ እሄዳለሁ!" እኔ ወገቧን ይዤ እጎትታለሁ፣ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ፣ እትዬ ዊልሞት "ኧረ ሙሽሪት፣ አጥንትሽን ሰብረሽ በቃሬዛ ልትዳሪ ነው?" ትላለች። አክስቴ ደግሞ በሩ እምቢ ሲላት እየተደናቀፈች ወደ ፊተኛው ጫፍ ሮጠች። ለካስ ነጂው ቦይለሩ ጋ አይደለም፤ እዚያ መስታወቱ ፊት ቆሞ ነው የሚነዳው፣ ከኋላ ያለውን እሳት ጫሪ በደወል እያዘዘ። በሩን በጡጫ ደበደበችው።

"አዙረው! አዙረው እባክህ!"

"ምኑን ላዙረው እመቤቴ?" አለ ነጂው ከውስጥ። "ይሄ እኮ ፊትም ኋላም የለውም!"

በዚህ መሃል ጋሼ ሆስከን ቲኬቱን ይዞ ደረሰ። "ምንድነው ይሄ ሁሉ ጩኸት? ወዴት ናችሁ?"

"ፖርትሊን" አለች አክስቴ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። "ሠርጌ ነው። በተሳሳተው ሞተር ገባን። የኛው አምልጦን ሄደ፣ ጄበዝም ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ አሁንም እንደ ድሮው ጠፋች ይላል... በቃ፣ አለቀልኝ።"

ጋሼ ሆስከን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ፂሙን ይዞ ሳቅ ጀመረ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

"የናንተ ሞተር የቱ ነበር?"

"ወደ ፖርትሊን የሚወርደው ነዋ!" አልኩ።

"እኮ! እሱ ራሱ ይሄ ነው። ሌላ ሞተር ከየት አባታችን እናመጣለን? ካራክ ደርሶ ተመልሶ በእናንተው ሜዳ ላይ ነው የሚያልፈው። ብትቆዩም እዚያው ቆማችሁ ይሄንኑ ነበር የምትጠብቁት። አሁን ቁጭ ብላችሁ ጠበቃችሁት፣ ምን ቀረባችሁ?"

"ሎኮሞቲቩ ዞሮ እስኪቀጠልስ?" አለች አክስቴ። የድሮው ባቡር ካራክ ላይ ምን ያህል እንደሚያንቀላፋ ሁላችንም እናውቃለን።

"ምን የሚዞር አለ ብለሽ?"

እውነቱን ነው። ካራክ ስንደርስ ነጂው መንጃ እጀታውን ነቀለ፣ ብብቱ ሥር ወሸቀው፣ በመድረኩ ላይ እያፏጨ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። አለቀ። እትዬ ዊልሞት ዶሮዎቿን ይዛ ከመውረዷ በፊት የአክስቴን አፍንጫ በመሐረቧ ጠረገችላትና "በይ ሳቂ፣ ሰውዬው ከቀብር የመጣሽ እንዳይመስለው" አለቻት። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሲበር አክስቴ በሻፍሮን ቅመም ከተጋገረው ዳቦዬ ግማሹን ነጥቃ በላች። ጠዋት ምንም አልወረደላትም ነበር እኮ!

ፖርትሊን ስንደርስ ጄበዝ ቤተ ጸሎቱ ውስጥ የለም። ማቆሚያው ላይ ነው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እየጨመደደ።

"ምነው ከዚህ?" አለችው።

"እዚያ መቆም አቃተኝ። ሞተሩ ሲሄድ አየሁትና እስኪመለስ ልጠብቅ ብዬ።" ዓይኗ መቅላቱን አየ። "አለቀስሽ እንዴ?"

"ከሞተሩ ላይ ልዘል ነበር" አለች አክስቴ።

"ልትሸሺኝ?"

"ሞኝ! ወዳንተ ልመጣ ነው እንጂ!"

ጄበዝ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ እሷም እየሳቀች ጀርባውን መታ መታ ታደርግለት ጀመር። ከቤተ ጸሎቱ በር ላይ አባቴ "ኧረ ሰዓቱ!" እያለ ይጮኻል። እነሱ ግን መች ሰሙት? ክንዱን ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ቤተ ጸሎቱ ሽቅብ ሄዱ። እኔም ገና ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ።