አፍንጫዬን የተጫነችው ደንበኛ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ያ በርጩማ እግሩ ትንሽ ይወላገዳል፤ የሠራሁት እኔ ነኝና ስሙን አታንሱብኝ። ግድግዳውን ተደግፋችሁ ከተቀመጣችሁበት ይችላችኋል። የማወራችሁ ስለ ራሴ ስለሆነ ብትስቁ አልቀየምም። እኔ ቀድሜ ስቄ ጠግቤያለሁ፤ የተረፈውን ነው የማካፍላችሁ።

በር ሠሪ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በር ስሠራ ስለኖርኩ ደንበኛ የሚባለውን ፍጡር ከውጭም ከውስጥም አውቀዋለሁ እያልኩ እኮራ ነበር። ደንበኛ ትከሻችሁ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። ትናንት ያለውን ዛሬ አላልኩም ይላል። እንጨቱ ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ቫርኒሹ ደርቆ ካበቃ በኋላ ደግሞ፣ "ትንሽ ሰፋ ቢል ምን ይመስልዎታል?" ይላል። በር እኮ ላስቲክ አይደለም። እንዲህ ያለው ሲመጣ ከጀርባው ለልጄ እጠቅሳታለሁ፤ እሷም ሳቋን ለመደበቅ ሰጋቱራው ውስጥ ምስማር እንደጠፋባት ሆና ታጎነብሳለች።

ስለዚህ ሥራ ቤቴ ውስጥ ሕግ አለኝ። ደንበኛ የሚናገረው ጥሬው ላይ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ሲገጣጠም አስጠራዋለሁ፤ ይየው፣ ያሻሽለው፣ ከፈለገም ይጨቃጨቀኝ። ቫርኒሽ ከነካ በኋላ ግን የሚፈቀድለት ማመስገን ብቻ ነው። የእጀታው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እጀታ የት ይሁን ብለው ባልና ሚስት ሲኳረፉ አይቻለሁ። እኔ አልከራከርም። ጥሬውን በር አቆምና፣ "ዓይንዎን ጨፍነው ይምጡ፤ ቤትዎ እንደሚገቡ ሆነው እጅዎን ይዘርጉ" እላለሁ። እጃቸው ያረፈበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ወገቤ ጋ ይሁንልኝ ብሎ የማለ ሰው እጁ ደረቱ ጋ ሲሄድ ያፍርና ይስማማል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ ዌብሳይት ላሠራ የሄድኩት።

ወደዚያ የወሰደኝ የልጄ ነገር ነው። ሥራው ቀዝቅዞ ነበር። ሰው በር ሲፈልግ መንገድ ለመንገድ መጠየቁን ትቶ ስልኩን መጎርጎር ጀምሯል፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ እኛ የለንም። ልጄ ሙያውን ከእኔ ወስዳ አሁን ከእኔ በልጣለች፤ ይህን ስላችሁ ወዲያ ሄዳችሁ እንዳትነግሯት። በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነይ ብሎ ጠርቷታል።

"አባዬ" አለችኝ፣ መላጊያዋን አስቀምጣ። "ከአንተ ጋር ብቆይ ደስታዬ ነው። ግን ሥራ በሌለበት ሥራ ቤት ቁጭ ብዬ መጋዝ ስወለውል አልኖርም። ሰው እኛን የሚያገኝበት ዌብሳይት ይሠራልን። ለፋብሪካው መልስ ከምሰጥበት ቀን በፊት ስልኩ ከጮኸ እቀራለሁ። ካልጮኸ እሄዳለሁ።"

"ይጮሃል እንጂ" አልኳት። ፊት ለፊቷ ሳቅ አልኩ፤ ዞር ስል ግን ስልኩ ይሠራ እንደሆነ አየሁ።

ዌብሳይት የሚሠራው ድርጅት ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ያለች ጠባብ ቢሮ ነው። ኃላፊዋም ዋና ዲዛይነሯም አንዲት ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ የምትጠብቅ።

"ጋሼ፣ ደንበኞቻችሁ እነማን ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በር የሌላቸው።"

ሳቅ አለች። "ዌብሳይታችሁን ሲከፍቱ መጀመሪያ ምን የሚፈልጉ ይመስልዎታል?"

"ልጄ፣ አንቺ ብቻ ቆንጆ አድርጊው።"

"ምን ዓይነት ቆንጆ?"

"የሚያምር ዓይነት።"

ልጄ አጠገቤ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ዲዛይነሯ ግን አልተናደደችም። በሚቀጥለው ስንሄድ በእርሳስ የተሣሉ ሣጥን ሣጥን ነገሮች ያሉበት ወረቀት ዘረጋችልን። "ይህ ገና ጥሬ ሐሳብ ነው፤ የሚቀየር ካለ አሁን ቢነግሩኝ ይቀለኛል" አለች። እኔ ግን ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ለዚህ ነው እንዴ ደረጃ የወጣሁት ብዬ አኮረፍኩ። "ቀለም ሲገባበት እናገራለሁ" አልኩና ተነሣሁ።

ቀለሙ ገባ። አፌም ተከፈተ።

መጀመሪያ ፎቶዬ ይግባበት አልኩ። የእህቴ ልጅ ስታገባ በተዋስኩት ከረባት የተነሣሁት ፎቶ አለኝ፤ እዚያ ላይ ሚኒስትር እመስላለሁ። አስገባችው። ትንሽ ተለቅ ይበል አልኩ። ተለቅ አለ። ከዚያ ለሚስቴ ወንድም አሳየሁት። እሱ በሕይወቱ በርም ዌብሳይትም ሠርቶ አያውቅም፤ ግን ፍርድ የማይሰጥበት ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ "ዳኛው" ነው የሚለው። ራቅ አድርጎ አየው፣ ቀረብ አድርጎ አየው።

"ሙዚቃ የለውም" አለ።

"ለበር ሙዚቃ?"

"ሞቅ ይላላ። ደግሞ ፊትህ አንሷል። ሰው ማን እንደሠራው በምን ይወቅ?"

እህቴ ደግሞ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አዘጋጀችልኝ፤ ሰርግ ላይ ብታነበው ሙሽሮቹ ያንቀላፉ ነበር። ሁሉንም ለዲዛይነሯ አስተላለፍኩ። ትምህርቴ ብዙ ስላልገፋ መጻፍ ይታክተኛል፤ ስለዚህ የድምፅ መልእክት ነበር የምልክላት፣ ከጀርባዬ መዶሻ እየጮኸ። "ልጄ፣ ከረባቱ ደብዝዟል።" "ልጄ፣ ፊደሎቹ ከላይ እየተንጠባጠቡ ቢወርዱስ፤ ዳኛው አይቷል፣ ያምራል ብሏል።" እሷም "እሺ ጋሼ" ብላ ትመልሳለች። እሺ ባለች ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ቀን ልጄ ኮላ እየቀባች፣ "አባዬ፣ ይህን ሰውዬ እኮ እናውቀዋለን" አለችኝ።

"የቱን?"

"ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ የሚመጣውን።"

በመጋዙ ጩኸት እንዳልሰማሁ ሆንኩ። መጋዙ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ያቺ ቀን የመጣችው። ለፋብሪካው መልስ የሚሰጥበት ቀን እየቀረበ ነው፤ ዌብሳይቱ ገና አልተከፈተም። ሥራ ቤት ውስጥ አንዲት ፋርማሲስት ነበረች፤ የሱቋ በር በእርጥበት አብጦ አልዘጋ ስላላት አዲስ አዝዛን ነበር፣ ጥሬውን ልታይ ነው የመጣችው። እጀታው ዝቅ ይበልልኝ፣ የጎረቤቴ ሱቅ እንደዚያ ነው ብላ ድርቅ አለች። በሩን አቆምኩላት፤ ዓይኗን ጨፍና መጣች፤ እጇም ዝቅ እንዲልላት ከምትለው ቦታ ከስንዝር በላይ ከፍ ብሎ አረፈ። በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ዓይኗን ገለጠች፣ እጇን አየች፣ "እጄ ከዳኝ" ብላ ሳቀች።

ቀና ስል ዲዛይነሯ የሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች።

"ነይ ግቢ፣ ልጄ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ጋሼ፣ በስልክ መናገሩ ነውር መስሎኝ ነው የመጣሁት።" ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። "ሥራውን ለሌላ ሰው ብትሰጡት ሳይሻል አይቀርም። ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ግን የሠራሁት ነገር እናንተን የሚጠቅም አልሆነም። እንዲህ ሆኖ ይከፈት ለማለት ሕሊናዬ አልፈቀደም።"

ልጄ የኮላውን ብሩሽ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ጓንቷን አወለቀችና ጣት በጣት አስተካክላ አጠፈችው፤ ዕቃ የሚሸክፍ ሰው እንደሚያጥፍ። እኔ ያየሁት እሱን ነው። ሌላ ዲዛይነር እስክፈልግ፣ ሌላ ወረቀት እስኪሣል፣ ልጄ ፋብሪካ ገብታ ማሽን ለምዳለች።

"ልጄ፣ አልገባኝ ብሎ ነው" አልኩ፤ ድምፄ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። "ምን ላድርግ? ንገሪኝ።"

ዲዛይነሯ ጥሬው በር ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተችና ለፋርማሲስቷ ሰጠቻት።

"እህቴ፣ በርዎ አልዘጋ ብሎ ዝናቡ መድኃኒቱ ላይ እየገባ ነው እንበል። እኚህን ሰው በዚህ ፈልገው ያግኟቸው።" ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ምንም እንዳይናገሩ።"

ምንም አለመናገር። ይህን ከእኔ የጠየቀ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ፋርማሲስቷ ስልኩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤ ደግሞ ስልኩን። ፊቴ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ጠበቀች። ፊደሎች መንጠባጠብ ጀመሩ።

"ይቅርታ" አለች፣ "የምጫነው አፍንጫዎን ነው?"

ምላሴን ነከስኩ። አፍንጫዬን ተጫነችው። ምንም የለም። ግራ ዓይኔን ሞከረች። ከረባቱን ስትነካው ሙዚቃው ተነሣ፤ ደንግጣ ስልኩን ልትጥለው ምንም አልቀራት። ወደ ታች ሳበችው፤ አገጬ መጣ። እንደገና ሳበችው፤ ከረባቱ አላልቅ አለ። ከዚያ የእህቴ ንግግር።

"ይህን ሁሉ ማንበብ አለብኝ?"

"ቁጥሩ እኮ ታች..." ብዬ ስጀምር ዲዛይነሯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ላብ አጠመቀኝ።

ፋርማሲስቷ ስልኩን መለሰች። "ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። እዚያ ታች እስክደርስ ሌላ በር ሠሪ አገኝ ነበር።"

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ አጎንብሳ ምስማር እየፈለገች ነው። ለደንበኛ የምናደርገውን ለእኔ አደረገችው። መጀመሪያ ጆሮዬ ጋለ፤ ከዚያ ያ ትልቅ አፍንጫ ትዝ አለኝ፣ ዝናብ የገባባት ሴት እየጠቀጠቀችው፣ እሱም እንደ ሚኒስትር ዝም ብሎ። ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ሁሉም ሳቁ፤ ዲዛይነሯም ያቺን ቦርሳ ለቀቅ አደረገቻት።

ጠመኔውን ሰጠኋት። "በይ፣ ምልክት አድርጊበት።"

"ስልኩ ላይ?"

"ያ ቀለም ያልነካው ወረቀት፣ ይዘሽዋል?"

ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሰጋቱራውን በክንዴ ጠርጌ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። እነዚያ የናቅኳቸው ሣጥኖች። ከላይ ያለው ሣጥን ስልክ ቁጥር መደወያ ነው፤ ሰው ገና እንደገባ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ከሥሩ የበሮቻችን ፎቶ። ገና ከመጀመሪያው እዚያ ነበር፤ እኔ ነኝ ጀርባውን ያየሁት።

"ልጄ፣ እኔ ያልኩት ነገር ልክ ካልሆነ ለምን እሺ ትይኛለሽ?" አልኳት።

"ትልቅ ሰው ነዎት። ደግሞ ደንበኛ ነዎት።"

"እኔ ደንበኛን አይሆንም ስለው ነው ይበልጥ የሚያምነኝ።"

"እኔም ጥፋት አለብኝ" አለች፣ ወረቀቱን እያስተካከለች። "የመጀመሪያው ከረባት ላይ አይሆንም ማለት ነበረብኝ።"

እዚያው ተስማማን። ከሥራ ቤታችን የምትናገረው ልጄ ብቻ ትሁን፤ የዳኛው ፍርድ እኔ ጋ ደርሶ ይቁም። ዲዛይነሯም ጥሬውን ሳታሳየን ቀለም አትንካ፤ የማይሆነውን አይሆንም ትበል፣ ለምን እንደማይሆንም ትንገረን። ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። "የእኔ እጀታስ?" አለች በመጨረሻ። ከፍ ባለው ቦታ ገጠምንላት።

ዌብሳይቱ የፋብሪካው መልስ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተከፈተ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በልጄ መካከል አስቀመጥነው። እሷ ትሠራለች፤ እኔ እንደምሠራ እሆናለሁ። ጮኸ። ዘልዬ አነሣሁት።

"ሙዚቃው የታለ?" አለ ዳኛው። "ፊትህስ?"

ዘጋሁበት። ልጄ ቀና ብላም አላየችኝ፤ ትከሻዋ ግን ዝቅ አለ።

ብዙ ቆይቶ ሁለተኛው ጮኸ። አሁን አልነካሁትም፤ የምትናገረው እሷ ናት። እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ አነሣችው። "አዎ፣ እኛው ነን። አበጠብዎት? ስፋቱ ስንት ይሆናል?" ቁራጭ እንጨት ላይ ትጽፋለች። "ጥሬውን መጥተው ያዩታል። የፈለጉትን ያኔ ይናገሩ፤ ቫርኒሽ ከነካ በኋላ ግን አባቴ አይሰማዎትም።"

እሱን ጨርሳ ሌላ ቁጥር ደወለች። ፋብሪካው ነው። "አመሰግናለሁ። አልመጣም። አይ፣ ቅር ብሎኝ አይደለም። እዚህ ሥራ አለኝ።" ይህን ስትል እኔ ዞሬ እንጨት እየላግኩ ነበር። ቀድሞ የተላገ እንጨት ነው፤ ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ስለገባ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ዲዛይነር በምታልፍበት ሁሉ ጎራ ትላለች። የቢሮዋን በር እኛ ነን የሠራንላት፤ ለእጀታው ዓይኗን ጨፍና ስትመጣ እኔ ነበርኩ በጠመኔ ምልክት ያደረግኩላት።

እንግዲህ ልሸኛችሁ፤ በርጩማውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ሰው ሥራ ሲሠራላችሁ ጥሬውን ሲያሳያችሁ፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን አትዩ፤ ያኔ ተናገሩ። ኋላ ይህ ቢረሳችሁ የኔን አፍንጫ አስቡ። ፎቶዬ አሁንም ዌብሳይቱ ላይ አለ፣ ቴምብር አክሎ። ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው ከሳባችሁ ታገኙኛላችሁ።