የትናንቱ ቁጥር

ቺሊ ውስጥ ቶኮናዎ በምትባል መንደር ተወልጄ ያደግሁ የተራራ ሰው ነኝ። በቴክኒሻንነት የምሠራበት ቴሌስኮፕ ወዳለበት ወደ ቻክናንቶር፣ አምስት ሺህ ሜትር ላይ ስንወጣ ሁሉም አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ይሰካል፤ እኔ አልሰካም ነበር። ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ በመጣችው ተመራማሪ በዶክተር ማካሬና ደግሞ በዚሁ እቀልድባታለሁ።

«ልጄ፣ ያለ ገመድ መራመድ አትችይም እንዴ?»

«ሳንባዎን ያውሱኝና እጥለዋለሁ፣ ዶን ሴቬሮ» ትለኛለች።

ቴሌስኮፑ ከፍጥረት መባቻ የተረፈውን ደካማ ብርሃን ይለካል። ልኩ እንዲታመን፣ ሞገድ የምትልክ ሳጥን በፊኛ ከበላዩ እንሰቅላለን፤ እሷን አይቶ አቅጣጫውን ያርማል። የሳጥኗ ማዘንበል ከመነሳቷ በፊት በትክክል መለካት አለበት። አንዱ ያነባል፣ ሌላው አይቶ ይፈርማል፤ እዚያ ከፍታ ላይ የማንም ጭንቅላት አይታመንም።

በዚያ ጠዋት ነፋሱ እንዳይቀድመን ብለን ተጣድፈን ነበር። ሳጥኗን ሳስር ብሎኑ ላላና መልሼ አጠበቅሁት። ብሎን ሲነካ ማዘንበሏ ስለሚለወጥ፣ ትናንት የለካነውን እንደገና መለካት ነበረብኝ። ግን ራሴን አዞረኝ፤ ቁጥሮቹ ተደበላለቁብኝ። ገና ቁርስ ላይ የሳቅሁባትን ልጅ ምን ብዬ «አይታየኝም» ልበላት? የትናንቱን ቁጥር ጻፍኩ።

«አነበቡት?» አለችኝ።

«አነበብኩት።»

ሳታይ ፈረመች።

ፊኛዋ ሥራዋን ጨርሳ ስትወርድ ሳጥኗ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰች። ከዚያ ወዲያ የሚለካ ነገር አልነበረም፤ የቀረው የኔ ቁጥር ብቻ ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። በአራተኛው ወር ውጤታችን ከሌሎች ቴሌስኮፖች ጋር አልገጥም አለ። ስብሰባ ላይ አንዱ የፊኛዋን ልክ ሲጠራጠር ማካሬና ቆጣ አለች።

«ሌላውን ሁሉ ጠርጥሩ። ዶን ሴቬሮ ያነበቡትን ግን ተዉት።»

ፊቴ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ነገርኳት። «አልለካሁትም።»

«አሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ እኮ። ለምን አልጠሩኝም?»

«ስቄብሽ ነበራ።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አነሳችና ሳንቲያጎ ላለው አለቃ ደወለች።

«የፊኛዋ ልክ ስህተት ነው። የዘንድሮው ሥራ ከእንግዲህ አይታመንም። ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሰውዬው ሲጮህባት እስከ እኔ ይሰማል። ስሜን አላነሳችም። «ስጪኝ፣ እኔ ልናገር» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ እስክትጨርስ ቆምኩ።