ባዶ ሆድ

«አንድ ማንኪያ ብቻ! ለእኔ ስትል!»

አክስትየው ሳህኑን ልጁ አፍንጫ ሥር አስጠግታዋለች። ለቀስተኛው ወሬውን አቋርጦ ያያል።

እህቱ የሻይ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ወንድሟን ገላመጠችው። ከሰዓት በኋላ እሷ በምትሠራበት የሆስፒታል ክፍል ምርመራ አለው፤ በልቶ ከሄደ ይመልሱታል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ ደግሞ እሷ ታውቃለች። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው የምግብ ቧንቧውን በሰማያዊ ብርሃን አጉልተው ያዩለታል። በተራው ብርሃን ደህና የሚመስል ቦታ ያኔ መልኩን ያወጣል። ካንሰር ሳይሆን ከተደረሰበት ይወገዳል። ካልተደረሰበት ደግሞ ይኸው፣ የአባታቸው ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው።

አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቃር ሲነሳበት ደረቱን እያሸ፣ «ስንቱን ሐሜት ስውጥ ውዬ እንዴት አያቃጥለኝ!» እያለ ደንበኞቹን ያስቃቸው ነበር። ሴት ልጁ ስንት ለምና ቀጠሮ አስያዘችለት። የዚያን ዕለት ጠዋት እናትየው፣ «ባዶ ሆዱንማ ከቤቴ አይወጣም» ብላ ቁርስ አበላችው። ከበር መለሱት። «ሌላ ቀን» አለ። ወደ ሐኪም የተመለሰው ዳቦ አልወርድ ሲለው ነው። ያኔ ካንሰሩ በተራውም ብርሃን ይታይ ነበር።

ወንድምየውም አሁን ደረቱን ያሻል።

«እትዬ፣ ተዪው፣ ዛሬ አይበላም» አለች እህትየው።

«አባቱን ሊከተል ነው?»

«እንዳይከተል እኮ ነው!»

ድምጿ ከፍ ብሎ ወጣ።

«ሐዘን እኮ ነው፣ ምን ታድርግ» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

ወንድምየው ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ ቁርጥ አባቱን። «ትንሽ ብቀምስ ምን አለበት?» ብሎ ሳህኑን ተቀበለ፤ ማንኪያውንም አነሳ። እህቱ ጨነቃት። ምክንያቱን ብትናገር ያ ቁርስ መነሳቱ አይቀርም፤ እናቷ ደግሞ እዚያው ጥግ ተቀምጣለች። ሰው ፊት እናቷን ልትገድላት ነው?

እናትየው ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ከቀብሩ ወዲህ እህል የሚባል በአፏ አልዞረም፤ የለመናት ሁሉ ደክሞት ትቷታል። መጥታ ሳህኑን ከልጇ እጅ ወሰደች።

«ቀጠሮ አለው» አለች ለአክስትየው። «ባዶ ሆዱን ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ይሄን ማን ይብላው?»

እናትየው ማንኪያውን ከልጇ ጣቶች አላቀቀችና፣ እንባዋ እየወረደ፣ እዚያው ቆማ መብላት ጀመረች።