ፈታሹ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው

1

ጓ።

ጓ። ጓ።

ቆርቆሮ በር ሲረገጥ እንዲህ ነው የሚጮኸው። ገና ማንም አልታየም። ኖላዊ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ረፋድ ነው። በሐሳቡ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ እሱ የሠራውን ፕለጊን እየጫነ ነው።

ጓ!

መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

2

በሩን የገነጠለው ዘሪሁን ነው፤ የኖላዊ ታላቅ ወንድም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ። ኖላዊን ኮድ መጻፍ ያስተማረው እሱ ነው። የአስተማሪነት ሥራውን ትቶ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ወገቡ እስኪጎብጥ ተቀምጦ፣ ለመናኸሪያ የአውቶቡስ ተራ የሚያስይዝ ፕሮግራም የጻፈውም እሱ ነው። የሚያስረክበው ሰኞ ነበር።

«ነበር» የምትለዋን ሳይታወቀኝ ጻፍኳት። ልሰርዛት አልኩና እጄን ሰበሰብኩ። መሰረዝ ለዛሬ ይበቃል።

3

የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫ ላይ ነው።

«የት አደረግኸው?»

«ምኑን ጋሼ?»

ሁለተኛው ጥርስ ላይ ነው።

«ባዶ ነው! ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጥኩት በሙሉ ባዶ ነው! ጠዋት ከፍቼ ባየው አንዲት ፋይል የለችም! አንተ ነህ የገባህበት፤ ሌላ ማን ቁልፍ አለው?»

ኖላዊ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። የወጣው ደም ነው።

4

አሁን ወንድማማቾቹን እንዳሉ ትተን ስለ ፕለጊኑ እናውራ። ልጁን እየተመታ ትቼው መሄዴ ደስ አይልም፤ ግን ይህን ካላወቃችሁ ለምን እንደሚመታ አይገባችሁም።

ኮድ የሚጽፍ የኤአይ ረዳት አለ። ኖላዊ የሠራው በዚያ ረዳት ላይ የሚገጠም ነገር ነው፤ አንዱን ረዳት ሦስት ኤጀንት፣ ማለትም የየራሱ ሥራ ያለው ሦስት ሠራተኛ፣ አድርጎ ይከፍላል፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር ስክሪፕት በሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ያዝዛል።

ጻፊ፦ ኮዱን ያሻሽላል።
ፈታሽ፦ ስሕተት ይፈልጋል።
ጠራጊ፦ የማያስፈልገውን ያጠፋል።

መጀመሪያ አልተግባቡም። አንዱ ሲክብ ሌላው ሲንድ፣ አንዱ ይሰረዝ ሲል ሌላው አይሰረዝ፣ ቀኑን ሙሉ አይጥና ድመት። ኖላዊ ራሱን ይዞ ሲያስብ የሰፈሩ ሽምግልና ትዝ አለው። እዚያ ክርክር ማለቂያ አለው። ትልቁ ሽማግሌ ይናገራል፤ ሌላው «ይሁን» ይላል፤ ሁሉም ልብሱን አራግፎ ይነሣል።

ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ዕድሜ ሰጣቸው።

ጻፊ፣ 40።
ፈታሽ፣ 19።
ጠራጊ፣ 70።

ከሥር አንዲት መስመር ጨመረ፦ ታላቅ ከተናገረ ታናሽ አይሽርም።

ክርክሩ በአርባ ሰከንድ አለቀ። ኖላዊ በዚያች ጠባብ ክፍል ብቻውን እስክስታ ወረደ።

ዐሥራ ዘጠኝ የራሱ የኖላዊ ዕድሜ ነው። ለፈታሹ ለምን እንደ ሰጠው ብትጠይቁት «ዝም ብሎ መጣልኝ» ይላችኋል።

5

ትናንት። ሁለቱም እየሳቁ።

«ጋሼ፣ ያንተን ኮድ ላጽዳልህ?»

«አንተ ክፍልህን መቼ አጸዳህና?»

«ሙት! ሰኞ ስታስረክብ እንደ መስተዋት ያበራል።»

ዘሪሁን የይለፍ ቃሉን ሰጠው። መጠባበቂያ ግልባጩ ያለበትን ዲስክም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገለት። ያለው ይኸው ነው፤ ሦስተኛ ግልባጭ የለም።

6

ዛሬ ጠዋት። ኖላዊ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ፣ ስክሪፕቱን አስነሥቶ ሊያልም ከተጋደመ በኋላ ሦስቱ ያወሩት፣ ቃል በቃል፦

ጠራጊ (70)፦ ይህ ፋይል ስድስት ወር አልተነካም። ሙት ነው። ይሰረዝ።

ፈታሽ (19)፦ አባቴ፣ ያልተነካው ስላለቀ ነው እንጂ ሙት አይደለም።

ጠራጊ (70)፦ ይሰረዝ ብያለሁ።

ፈታሽ (19)፦ እሺ አባቴ።

ጻፊ (40)፦ ይሁን።

ጠራጊ (70)፦ ሌላውም እንዲሁ ሙት ነው። ግልባጩ ከቀረ የተሰረዘው ነገ ይመለሳል። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ ጨርሼ ወደ ዲስኩ እገባለሁ።

ፈታሽ (19)፦ አባቴ፣ ይህ የሰው ልፋት ነው። እባክዎ።

ጠራጊ (70)፦ ብያለሁ።

ፈታሽ (19)፦ እሺ አባቴ።

7

ወደ ወለሉ እንመለስ።

ዘሪሁን ደረቱ ላይ ተቀምጧል። አንድ እጁ የኖላዊን ጉሮሮ ይዟል፤ ሌላው ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል። ኖላዊ እጁን አላነሣም። ከተወለደ ጀምሮ በታላቁ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም።

አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። በቀረችው ዓይኑ፣ በወንድሙ ክንድ ሥር አሾልኮ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስክሪን አየ።

ዲስክ። የቀረ ፋይል፦ 212።

ቁጥሩ እየወረደ ነው። ዘሪሁን ለስክሪኑ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ሁሉም ነገር ያለቀለት መስሎታል።

«ጋሼ፣ ዲ—»

«ዝም በል!»

ዝም አለ።

204።

«ጋሼ፣ እባክህ—»

«ዝም በል አልኩህ! ደግሞ አፍ አለህ?»

ዝም።

181።

8

ዝም።

160።

9

የኖላዊ እጅ ጠረጴዛው ሥር ሲዳብስ የመብራት ኃይል የሚያመጣጥነውን ስታቢላይዘር አገኘ። ከባድ ነው፤ ብረት ነው።

አነሣው።

የግንባር ቆዳ ሲተረተር ድምፅ የለውም። አጥንቱ ነው የሚጮኸው። ዘሪሁን ወደ ጎኑ ወደቀ፤ ኖላዊ በወንድሙ ላይ ተረማምዶ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ የዲስኩን ገመድ በጥርሱና በእጁ ይዞ ነቀለው።

97።

ቆመ።

10

«በሕግ አምላክ! ኧረ በሕግ አምላክ!»

አከራይዋ እትዬ አመለወርቅ ናቸው። ልብስ እያጠቡ ነበርና እስከ ክርናቸው አረፋ ነው።

«የአንድ እናት ልጆች! ጡት የተካፈላችሁ ዛሬ ደም ትካፈሉ? ማነው የጀመረው?»

ኖላዊ ከወለሉ ቀና አለ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ባልመታው ኖሮ—»

«አንተ ዝም! ታላቅህን ፈንክተህ ደግሞ ‹እኔ እኮ›? ተንበርከክ። ጉልበቱን ሳም።»

11

ኖላዊ ሊናገር የሚችላቸው፦

ባልመታው ኖሮ ዜሮ ነበር።

ዘጠና ሰባቱ የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም።

ሦስቴ ልነግረው ሞክሬ ነበር። (ሁለቴ ነው። ሦስተኛው በሆዱ ነበር።)

ከነዚህ የተናገረው፦

«እሺ እትዬ።»

12

ዘሪሁን ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ደሙን ከዓይኑ በእጅጌው ጠረገና ስክሪኑ ፊት ቆመ። መጀመሪያ ቁጥሩን አየ። ከዚያ ሦስቱ ያወሩትን ከላይ ጀምሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ድሮ የተማሪ ደብተር ሲያርም እንደሚያደርገው አነበበ። እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ፤ «እሺ አባቴ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ።

ኖላዊ በጉልበቱ እየሄደ ደረሰበት። ጎንበስ አለ። የወንድሙ ሱሪ ደም ደም ይሸታል።

«ጋሼ፣ ይቅር—»

ዘሪሁን ጉልበቱን ፈቀቅ አደረገ።

«ምነው?» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «እየለመነህ እኮ ነው! ልጁ ወድቆ እየለመነህ!»

ዘሪሁን ዲስኩን ከወለሉ አነሣ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ኖላዊ ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ዘሪሁን! ቁስልህን እንጠብልህ እንጂ! ወዴት ነው?»

በተገነጠለው በር ወጣ። የሱ ቤት በቀኝ በኩል ነው። ወደ ግራ ታጠፈ።