ላሊታ ያለ አምባር

እልል አለች እኮ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ ምነው ምላሷን በቆረጠው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ይኸው አሁን ወርቅቱ ግቢዋ መሀል ተገትራ የተከራይዋን የተዘጋ በር ታያለች። ላሊታን ከባጃጁ ስትወርድ ነው ያየቻት፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምታስተምረው ህንዳዊት፣ ለእረፍት አገሯ ከርማ የመጣችው፣ ግንባሯ ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ የለች፣ የአንገቷ ጥቁር ዶቃ የለ፣ እጇ ከአምባር ባዶ፣ ወርቅቱም ስትጸልይበት የኖረችው ደረሰ መሰላት፣ ሃሌሉያ፣ ጌጡን ጣልሽው፣ ጌታ ነካሽ፣ እልልል። ላሊታ ሻንጣዋን አስቀመጠች። አዴ ወርቅቱ፣ ባሌ ሞተ፣ እኛ አገር ባል ሲሞት አምባር ይሰበራል። ገባች። ዘጋች።

ነግራት ነበር እኮ፣ አንድ ቀን ዕቃ እያጠቡ፣ ይሄ የብርጭቆ አምባር ለኔ ማማሪያ አይደለም፣ ለባሌ ዕድሜ ነው ስትላት ወርቅቱ ሳቀች፣ ዕድሜ ከጌታ ነው እንጂ ከብርጭቆ ነው እንዴ፣ አጉል አዋቂ፣ በይ አሁን ሳቂያ። ባሏ ዲንሳ ካረፈ፣ ልጆቹም ነቀምትና አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል የሚመጣው የአምባር ቅጭልጭታ ብቻ ነበር ሰው አለ የሚያሰኛት፣ እሱን ለማስጣል ነው ጉልበቷ እስኪላጥ የጸለየችው፣ ነገ ላሊታ ሌላ ቤት ብትፈልግስ፣ ብትፈልግ አይፈረድባትም፣ ያኔ ከማን ጋር ነው የምታወራው፣ ከድመቷ ጋር፣ ኧረ ግቢ አንቺ ሴትዮ፣ ለቅሶ ደጅ ቆሞ አይደረስም።

ታንኳኳለች። አልተቆለፈም።

ላሊታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ወርቅቱ ይቅርታ ልትል አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ወዮ ብቻ ነው፣ ወዮ እህቴ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ ባዶውን እጅ ትይዛለች፣ ላሊታ እጇን አትነጥቃትም፣ ቀና ትላለች። አዴ ወርቅቱ፣ አንቺስ፣ ኦቦ ዲንሳ ሲሞቱ ምን አወለቅሽ?

ምን አወለቀች። በሙሽርነቷ ዲንሳ ያሰረላትን ጨሌ ጌታን የተቀበለች ጊዜ እሳት ውስጥ ጥላዋለች፣ እየዘመረች፣ እሱ ዳር ቆሞ ሲያያት፣ ከዚያ ወዲህ አንገቷ ክር አላየም፣ እሱ የሞተ ቀን አንገቷን ብትዳብስ እጇ የሚይዘው አጣ፣ ጌታ ሰጠ ጌታ ነሳ ብላ ለቀስተኛውን እሷው አጽናናች፣ አቤት ጥንካሬ፣ አሏት።

ምንም፣ ትላለች፣ የሚወልቅ አልነበረኝም፣ ምንም፣ ድምጿ ይሰበራል፣ ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ ገና፣ በሰው ለቅሶ፣ ዲንሳዬ ብላ ትጮኻለች።