ሃያ ቀን የደማችው ጥርስ

ቢቸና ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣል። ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ የደብር አገልጋይ ነኝ፣ ሥራዬም ዜማ ነው። ነገር ግን ዐምና ነሐሴ ላይ የመጨረሻዋን መንጋጋዬን ሞጣ ሄጄ ስላስነቀልኩና እዚያ የነገሩኝን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሌ ስለያዝኩ፣ የሰፈሩ ሰው አፉን ከፍቶ ፊቴ መቆም ልማድ አደረገው። እኔም ደስ ይለኛል። በሌላ ነገር ማን ይጠይቀኛል?

የያዝኩት ትምህርት አጭር ናት። ከሁሉም ጥርስ ዘግይታ፣ ሰው ከጎረመሰ በኋላ ከኋላ የምትበቅለው መንጋጋ ቀጥ ብላ ከወጣች፣ ካላመመች፣ መፋቂያም ከደረሰላት አትነካም። አግድም ተኝታ ጎረቤቷን ከገፋች፣ ድዱም መላልሶ መግል ከያዘ ግን መውጣት አለባት፤ የምትወጣውም እብጠቱ በመድኃኒት ከበረደ በኋላ፣ ሌላ እብጠት ሳይከተል ነው። ይህን ያስተማረችኝ ዶክተር ጸደንያ ናት፣ ሞጣ ላይ የጥርስ ክሊኒክ የከፈተች ወጣት። የእኔን የቀኟን ነቅላ የግራዋን «ይቺኛዋ ዝም ብላለች፤ እኛም ዝም እንበላት» ብላ ተወችልኝ።

እንግዲህ የደብር ባልደረባዬ ስጦታው ጥርሱን ሲያመው ወዴት ይሂድ? እኔ ዘንድ መጣ።

ስለ ስጦታው ሳወራ ድምፄ ከተለወጠባችሁ ይቅር በሉኝ። አብረን ነው የተማርነው። ቅኔ ቤት አንድ ጎጆ ተኝተናል፣ አንድ አገልግል ተካፍለናል። እኔ አንዱን ዜማ ለመያዝ ሦስት ሳምንት ስፈጅ እሱ ሁለቴ ሰምቶ ይይዘውና ቁጭ ብሎ እኔን ያስጠናኝ ነበር። የሚያበግነኝ ይኼ ነው፤ ያስጠናኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

የደብሩ ድምፅ ማጉያ ቤቴ ድረስ ይሰማል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ስውል በዓይኔ እንዳየሁት፣ ስጦታው ማዜም ሲጀምር ባለቤቴ ይርጋነሽ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ቢላዋውን እንደያዘች እስኪጨርስ ድረስ ቀጥ አለች። እኔ ያዜምኩ ዕለት ደግሞ ወደ ቤት ስመለስ «ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ? ምንም አልሰማሁ» አለችኝ። መብራት አልጠፋም ነበር።

መሪጌታችን አባ ውበቴ አርጅተዋል። ከጥር ሃያ አንዱ ክብረ በዓል በኋላ ወንበሩን ለሚተካቸው ለቅቀው ገዳም ሊገቡ እንደሆነ ለሰበካ ጉባኤው አሳወቁ። የሚተኩት ደግሞ ከሁለታችን አንዳችንን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ወንበር ነው። በጉባኤው ፊት እንዲህ አሉ፦ «በዓሉን ስጦታው ይምራና እንየው። እሱ ካልተመቸው ኃይለ ጊዮርጊስ አለ።»

«እሱ ካልተመቸው» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። እራት በልቼባትም አልወረደችም።

ጥር ሁለት ቀን ስጦታውን ይዤ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። ጥርሷ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አብጣበት ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያበጠችው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ጨርሶ በርዶለት ነበር። ግንደወይን ስንደርስ እናቱ የሰጡትን ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ አቀረበልኝ፤ እሱ ማኘክ ስለፈራ።

ዶክተር ጸደንያ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችው። ከዚያም «መምህር፣ ሦስት ጣትዎን ደርድረው አፍዎ ውስጥ ይክተቱ እስኪ» አለችው። ከተተ፤ ሦስቱም ገቡ።

«ጤነኛ አፍ እንዲህ ነው የሚከፈተው። ጥርሷ ግን አግድም ተኝታለች። እብጠቱ በርዷል፣ ጊዜው አሁን ነው። ቢፈልጉ ዛሬ፣ ካልሆነም ነገ። ካቆዩዋት ተመልሳ ታብጣለች፤ ያኔ አፍዎም እንቢ ይላል።»

«ይደማል?» አላት።

«ትንሽ ይደማል» አለች። በሩ ላይ ሌላ በሽተኛ ስለነበር «ተመካከሩና ንገሩኝ» ብላ ወደ እሱ ዞረች።

ደጅ ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ስጦታው ነጠላውን አስተካከለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ኃይሌ፣ ትንሽ ማለት ስንት ቀን ነው? ለሴት ልጅ ስለ ደም እንዴት ብዬ ልጠይቅ? አንተ ስንት ቀን ደማህ?»

ለምን እንደጠየቀ ገባኝ። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። አፉ የሚደማ ሰው በዓል ሊመራ ቀርቶ ቅጽሩን አልፎ አይቆምም። የእኔ ጥርስ የተነቀለች ጊዜ ደግሞ እሱ እናቱ ታመውበት ግንደወይን ነበር፤ ምንም አላየም።

የእኔ በማግስቱ ቆሟል። ይርጋነሽ ያጠበችው አንዲት ጨርቅ ብቻ ነው። ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ከአፌ በፊት ጭንቅላቴ ደረሰ። ከጥር ሁለት እስከ ጥር ሃያ አንድ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።

«ሃያ ቀን» አልኩት።

«ሃያ!»

«ሃያ ቀን ሙሉ። ትራሴ ሁሉ ደም ነበር። እኔ አንተን ብሆን በዓሉ እስኪያልፍ እቆይ ነበር።»

እጄን ይዞ ሳመኝ። «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አለኝ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔም ሳቀ። ገብቶ ለዶክተሯ «ከበዓል በኋላ» አላት፤ እሷም ቅር እያላት ቀጠሮ ጻፈችለት።

በሚካኤል፣ በጥምቀት ማግስት፣ ቤቴ መጣ። ይርጋነሽ ጠላ እየቀዳችለት ሳለ እንዲህ አላት፦ «ይኸው ባለቤትሽ ነው ያዳነኝ። እሱ ባይነግረኝ እንደ እሱ ሃያ ቀን ስደማ በዓሉ ያልፈኝ ነበር።»

የይርጋነሽ እጅ ቆመ። እኔን አየችኝ፣ ጣሳውን አየችው፣ ከዚያም ቀድታ ጨረሰች። እስኪሄድ ጠበቀች።

«የምን ሃያ ቀን ነው?» አለችኝ በሩን ዘግታ።

«ዳኛ አትሁኚብኝ።»

«ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሽሮ በልተህ የለም እንዴ? ሂድ ንገረው፤ ገና ዘጠኝ ቀን አለው።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሌላ ሰው ሳይነግረው አንተ ንገረው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ልነግረው ነበር፤ እውነቴን ነው። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን ስጦታው ለበዓሉ የሚሆነውን ወረብ እያስጠና ነበር። ተማሪዎቹ ከበቡት፤ ውኃ ልትቀዳ የመጣች ሴት እንኳ ጄሪካኗን ቧንቧው ሥር አስቀምጣ ቆማለች። ጄሪካኗ ሞልታ ብትፈስስ እሷ አታይም ነበር። ሳልነግረው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን ጥርሷ አበጠች። በሃያ ጠዋት ጉንጩ ከዓይኑ ሥር ጀምሮ ተነፋ፤ አፉ አንድ ጣት ብቻ ያስገባል። አባ ውበቴ ተጠርተው መጡና አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መቋሚያቸውን አቀበሉኝ።

በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ከቅጽሩ ውስጥ ሲቆም ፀሐይዋ ሞቃለች፣ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ አልፎ እስከ መንገዱ ሞልቷል። ወረቡን አነሣሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሴቶቹ እልል አሉ። ለእኔ እልል ሲባል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ለታቦቱ ይሆናል እልልታው፤ ቢሆንም እኔ ወሰድኩት።

መሐል ላይ ሲደርስ ግን ዜማው ጠፋኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ መውጫው ጠፋኝ። ከበሮው ይጠብቀኛል፣ አባ ውበቴ ያዩኛል፣ ላቤ በግንባሬ ይወርዳል። ዓይኔን ሳነሣ ስጦታው ከሕዝቡ ፊት ቆሟል፤ ራሱን በነጠላ ጠምጥሟል፣ ፊቱ ከትኩሳቱ የተነሣ ያብረቀርቃል። አፉን መክፈት ስለማይችል እጁን አነሣ። እንደ ልጅነታችን፣ ዜማው የሚወጣበትን በእጁ ወደ ላይ፣ የሚወርድበትን ወደ ታች ሳለልኝ። በእጁ እየተመራሁ ጨረስኩ።

«እንዲህ ታዜም ኖሯል?» አሉኝ አባ ውበቴ ሲያልፉ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ጨመረ፤ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ደግፌ በሚኒባስ ሞጣ አደረስኩት። መንገዱን ሙሉ ራሱ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እንዲህም ከብዶኝ አያውቅም። ዶክተር ጸደንያ ገና ስታየው ተቆጣች።

«ምን ነበር ያልኳችሁ? እብጠቱ ወደ ጉሮሮ እየወረደ ነው! ለምን ቆያችሁ?»

ስጦታው በጥርሶቹ መሐል «ሃያ ቀን ይደማል ብዬ» አለ።

«ሃያ ቀን? ማነው እንደዚህ ያለው?» ከዚያም ወደ እኔ ዞረች። የእኔን ጥርስ አልረሳችም። «መምህር፣ እርስዎ አልነገሯቸውም? የእርስዎ በማግስቱ ቆሞ አልነበረም እንዴ? በሦስተኛው ቀን መጥተው አይቼዎታለሁ።»

ስጦታው ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

«ነግሮኝ ነበር» አላት ዓይኑን ከድኖ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

መግሉ ወጣለት፣ መርፌ ተወጋ፤ አራት ቀን እዚያው ሰንብቶ ጥርሷ ተነቀለች። ደሙም በማግስቱ ቆመ። አስታማሚው እኔ ነበርኩና ጨርቁን የቀየርኩለት እኔ ነኝ። አፉ ግን እንደ ድሮው አልተከፈተም፤ ጡንቻው ስለተጎዳ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ዶክተሯ ነገረችን። በየጠዋቱ ጣቱን ይከትታል፤ ሁለት ጣት ያስገባል፣ ሦስተኛው እንቢ ይላል። በአራቱ ቀን ውስጥ ስለ ሃያው ቀን አንዲት ቃል አላነሣብኝም። አንድ ቀን ቢሰድበኝ፣ አንድ ቀን ቢተፋብኝ እያልኩ ጠበቅሁ። «ቆሎ ብላ፣ ርቦሃል» አለኝ።

የካቲት መባቻ ላይ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። አባ ውበቴ ወንበሩ ለኃይለ ጊዮርጊስ ይሁን ሊሉ እንደሆነ ጠዋቱን ሰምቻለሁ። ስሜን ሲያነሡ ስጦታው ከኋላ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ሊስማማ ነው። በዚያች ቅጽበት ሆዴ ውስጥ የተነሣውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። በዜማ በለጠኝ፤ ቻልኩ። በይቅርታ ደግሞ ቁጭ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ በሁለት ጣት አፉ ሊበልጠኝ ነው! ይኼን ግን አልችልም አልኩ።

ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። አሥራ ዘጠኙን ቀን፣ ሃያውን ቀን፣ የይርጋነሽን ጨርቅ፣ ሁሉንም። ንስሐ ገባ ብለው የተረኩልኝ አሉ፤ እኔ ግን ምን ይዞኝ እንደተነሣሁ አውቃለሁ። ቅናት ነው።

ወንበሩን ለስጦታው ሰጡት። እኔን ለሁለት ወር ከአገልግሎት አገዱኝ፤ የነፍስ አባቴም የራሳቸውን ጨመሩልኝ። ስንወጣ ስጦታው በሩ ላይ ጠበቀኝና «ሁለት ወሩ ሲያልቅ በግራዬ ትቆማለህ፤ ሌላ ሰው አላቆምም» አለኝ።

የካቲት አሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ይርጋነሽ ሽንኩርት ትከትፋለች። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና ስጦታው አነሣ። ድምፁ ጠቧል፤ ከፍ ማለት ባለበት ቦታ ከፍ አይልም፤ ከዚያ በታች ሌላ መንገድ ፈልጎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። እንዲያ ሲዜም ሰምቼ አላውቅም። በእኔ ምክንያት ያገኘው መንገድ ነው።

ቢላዋው ቆመ። ይርጋነሽ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቀጥ ብላለች።

ሦስት ጣቴን ደርድሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሦስቱም በደንብ ገቡ።