አስማማው የመረጠው ላፕቶፕ

ኤራን ሁለቱን ላፕቶፖች በሁለት እጁ ይዞ፣ ገበያ መሀል ዶሮ እንደሚመዝን ሰው አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የቀኙ ስስና ቀላል ነው፤ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል፤ ሻጯ ሜራቭ እንደምትለው ለኮሌጅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። የግራው ወፍራም ነው፤ ሲሠራ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል። ነገር ግን ለጨዋታ የሚሆን የስክሪን ካርድ አለው። ያምና ሞዴል ስለሆነ ዋጋው ወርዶ ከቀላሉ ጋር እኩል ሆኗል። ለትምህርቱም ለጨዋታውም የሚሆን፣ ቀላልም ፈጣንም የሆነ ሦስተኛ ላፕቶፕ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ኤራን ዋጋውን አንብቦ ዓይኑን ወዲያው መለሰ።

አባቱ ዘመነ ከኋላው ቆሟል። እዚህ እስራኤል፣ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ባለ አንድ የቢሮ ሕንጻ በር ላይ ጥበቃ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሥራ የቀረባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ስለ ላፕቶፕ የሚያውቀው ነገር የለም። ዛሬ ፈቃድ ጠይቆ የመጣው ልጁ አብረን እንምረጥ ስላለው ነው። ደግሞም ለዚህ ልጅ የቀረችው ሰላማዊ ቀን ይህች ብቻ መሆኗን ስለሚያውቅ ነው።

ነገ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው ቤታቸውን ያንኳኳሉ።

የበኩር ልጁ አስማማው ጎንደር ላይ ከሞተ ሠላሳ አራት ቀኑ ነው። ከአዘዞ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ላይ ተተኮሰ፤ ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። ስልኩ የተደወለው ለዘመነ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሲያማክር የአይሁድ አዲስ ዓመት ዋዜማ ነበርና «በዓላቱ ይለፉ» አሉት። በዓላቱ አለፉ። «ልጁ የኮሌጅ ምዝገባውን ይጨርስ» አሉት። ይህም አለፈ። ዘመነ ይህን ሁሉ ቀን ከሚስቱ ከሸዋነሽ አጠገብ እየተኛ፣ ስትቀልድ እየሳቀ፣ «ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ስትለው «ኔትወርክ የለም» እያለ ኖረ። ጎንደር ላይ ኔትወርክ መጥፋቱ ብርቅ ስላልሆነ ታምነዋለች። እንባው ሲመጣበት ሕንጻው ሥር ወዳለው መጸዳጃ ቤት ወርዶ ቧንቧውን ይከፍታል። እንደ ሌባ ተደብቆ ልጁን ማልቀስ ምን ያህል እንደሚያዋርድ የሚነግረው ሰው እንኳ አልነበረውም።

«አባ» አለ ኤራን። «እኔ ይሄን ከባዱን እፈልጋለሁ።»

«ሚክላላህ፣ ኮሌጅህ ድረስ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ ነው። በየቀኑ ትሸከመዋለህ?»

«ሎ ኖራ፣ ምንም አይደል። ትከሻ አለኝ። አስማማው ግን ሁለት ወር ብቻውን ነው የሚጫወተው።»

ዘመነ ቻርጀሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ወደ እስራኤል ሲመጡ አስማማው ሚስት ያገባ ጎልማሳ ስለነበር «ለብቻህ ትጠራለህ» ተብሎ ቀረ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉም ጥሪውን ጠበቀ። ኤራን ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። መቫሰረት ጽዮን መቀበያ ማዕከል ውስጥ አማርኛውን እየጣለ ዕብራይስጡን እያነሳ አደገ። ሁለቱ ወንድማማቾች በስልክ ሲገናኙ ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ አልነበራቸውም። አስማማው ጎንደር ላይ አራት ኮምፒዩተር ይዞ ጌም ቤት ሲከፍት ግን ነገሩ ተለወጠ። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር በአንድ ቡድን ተሰልፈው እግር ኳስ ይጫወታሉ። ለዚህ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። ስጠኝ፣ ሩጥ፣ አይዞህ፣ ጎል። ዘመነ በግድግዳው በኩል የኤራንን ጩኸት እየሰማ፣ ይህ ልጅ ወንድሙን ያገኘው በእግር ኳስ ነው ይል ነበር። ከዚያ የኤራን አሮጌ ኮምፒዩተር ተቃጠለ፤ ሌላ እስኪገዛ ድረስ ጨዋታው ቆመ።

ሜራቭ ሰው ስለበዛባት በትሕትና አቻኮለቻቸው። ሳጥኑ ከተከፈተ መመለስ እንደማይቻል ነገረቻቸውና ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደች።

«ደውልለት» አለ ኤራን። «ካርዱ ይበቃ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ሥራው ነው። እኔ ይሄን በአማርኛ አልችልም፤ አንተ ጠይቀው። አስማማው የመረጠውን እወስዳለሁ።»

ዘመነ «ስልኩ አይሠራም» ሊል ይችል ነበር። አፉን ከፍቶ የወጣው ግን «እሺ» የሚል ቃል ነው። ለምን እንዳለ ራሱም አላወቀም። የእጅ ስልኩን ይዞ ወጣና ከመስታወቱ ማዶ፣ ልጁ በሚያየው ቦታ ቆመ። ቁጥሩን አልነካውም። ስክሪኑ የጠፋውን ስልክ ጆሮው ላይ አደረገ።

«አስማማው» አለ። «እኔ ነኝ፤ አባትህ።»

ዝም ብሎ ከንፈሩን ቢያንቀሳቅስ ይበቃው ነበር። ግን ስሙን አንዴ ከጠራ በኋላ ማቆም አልቻለም። «ወንድምህ ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። አንተን አማክር ብሎ ላከኝ። ምን ልበለው? እናትህ አልሰማችም፤ ነገ ትሰማለች። እኔ አፈር እንኳ አልመለስኩብህም፣ ልጄ። ትመጣለህ ትመጣለህ እያልኩ አሥራ ስድስት ዓመት ያታለልኩህ እኔ ነኝ። ቢሮ ለቢሮ ስሄድ ደህና አርጌ አልጮህኩልህም። ፈራሁ። ያለውን እንዳላጣ ፈራሁ።»

በመስታወቱ ውስጥ ኤራን እጁን አነሳና አውለበለበ። ሰላም በልልኝ ማለቱ ነው። ዘመነ «ሰላም ብሎሃል» አለና ግድግዳውን ተደገፈ።

ተመልሶ ሲገባ ወስኖ ነበር። ነገ ሸዋነሽ መሬት ላይ ወድቃ ስትጮህ፣ ሰባቱን ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ያ ወፍራም ላፕቶፕ ለሟች እንደተገዛ ዕቃ ጥግ ላይ ተቀምጦ ታየው። ኤራን ባየው ቁጥር ልቡ እንዲቆስል አልፈለገም። ደግሞ ልጁ የአባቱን ምክር ይከራከር ይሆናል እንጂ ከታላቅ ወንድሙ ቃል አይወጣም።

«ቀላሉን ውሰድ አለህ» አለ።

«ካርድ የለውም እኮ። በምን እንጫወታለን?»

«ጨዋታ ይብቃን አለ። ሥራም በዝቶበታል። አንተ ትምህርትህን ተማር አለህ።»

ኤራን «ቤሴደር፣ እሺ» አለ። ከባዱን ወደ ቦታው መልሶ ክዳኑን በቀስታ ዘጋው። ከጦር ሠራዊት ሲሰናበት ባገኘው ገንዘብ ቀላሉን ገዛ። ሜራቭ መልካም የትምህርት ዘመን ስትመኝለት አልሰማትም።

ኢትዮጵያ ጎዳናን ይዘው ወጡ። መንገዱ እንደ ወትሮው ጭር ብሏል፤ ግራና ቀኙ ረጅም የድንጋይ አጥር ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በር ላይ እማሆይ ወለተ ትንሣኤን አገኟቸው። ጠዋት ጠዋት ከዘመነ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጡ፣ እሳቸውም የጎንደር ሰው ናቸው።

«ዘመነ፣ ቤተሰብ ደህና? ያ የጎንደሩ ልጅህስ?»

«ደህና ነው፣ እማሆይ። እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ሳይቆም አለፈ። በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ነው በልጁ የዋሸው።

ኤራን ጥቂት እንደሄደ ቆመ። ሳጥኑን ብብቱ ሥር አድርጎ እግሩን እግሩን ያያል።

«አባ፣ ሁለት ወር ስላልተጫወትኩ ነው? ተቀየመኝ?»

«ኧረ አልተቀየመህም።»

«ታዲያ ለምን ይብቃን ይላል? እሱ እንዲህ አይልም። ስንሸነፍ እንኳ ‹አንድ ጊዜ እንደገና› ነው የሚለው።»

ዘመነ ያደረገውን ያየው ያን ጊዜ ነው። ቁስሉን ላሳንስለት ብሎ፣ የሟች ወንድሙ የመጨረሻ ቃል «ከአንተ ጋር አልጫወትም» እንዲሆን አድርጓል። ነገ ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲወጡ ልጁ ቀኑን መቁጠሩ አይቀርም። ያኔ አባቱ በመስታወት ማዶ ምን ሲያደርግ እንደነበር ይገባዋል። ኤራን ከዚህ በኋላ ስለ ወንድሙ የሚነግረውን ምኑን ያምነዋል?

«‹ተቀየምከኝ ወይ› ነው የሚባለው?» አለ ኤራን። ስልኩን አውጥቷል። «ተቀየምከኝ ወይ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ራሴ እጠይቀዋለሁ። በከባዱ አሁንም መቀየር እንችላለን፤ ሳጥኑ አልተከፈተም።»

ዘመነ ሊከለክለው እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን የልጁን ክንድ ሳይነካ ወደቀ። ኤራን አረፍተ ነገሩን ለራሱ እያጉተመተመ ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው። ከወዲያ የመጣችው ያች የተቀዳች ሴት ናት። የደወሉለትን ደንበኛ ማግኘት እንደማይቻል በአማርኛ ነገረችው። ኤራን ቁጥሩን አይቶ እንደገና ደወለ። አሁንም እሷው ናት። ሦስተኛ ደወለ።

«አባ» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ግራ ገብቶት ነው። «አሁን፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በፊት አውርተኸዋል።»

ሠላሳ አራት ቀን ያገለገለችው የኔትወርክ ሰበብ ዛሬ አትሠራም፤ በገዛ እጁ አበላሽቷታል። ነገ በወጉ የሚነገረውን መርዶ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ዘመድ የሚሰበሰብበትን ሰዓት አሰበ። ሐዘንተኛ ራሱ መርዶ ነጋሪ ሲሆን አይቶ አያውቅም።

«አላወራሁትም» አለ።

ኤራን ስልኩን አወረደ። የአባቱን ፊት ተመለከተ። ከዚያ ሳጥኑን አጥሩ ሥር በጥንቃቄ አስቀመጠና፣ አንድም የዕብራይስጥ ቃል ሳይቀላቅል፣ በስድስት ዓመቱ ይዞት በመጣው አማርኛ ጠየቀ።

«ወንድሜ የት ነው?»